የዲያቆኑ ጄሪካን

ላቦራቶሪ ተምሬ እንደጨረስኩ የተመደብኩት ቢቸና ጤና ጣቢያ ነበር። ዘመኑ ደርግ ነው፤ ምደባ የሚባለው ነገር ሰውን ከአንዱ ጠረፍ አንስቶ ሌላው ጠረፍ ላይ የሚጥልበት ጊዜ። እኔ የሞጣ ልጅ ስለሆንኩ ቢቸና ሲደርሰኝ ሎተሪ የወጣልኝ ያህል ቆጠርኩት። ቅዳሜ ከሰዓት መኪና ካገኘሁ እሑድን እናቴ ቤት እውላለሁ።

ሥራዬ ሰገራ፣ ሽንትና አክታ መመርመር ነበር። ያለኝ አንድ ማይክሮስኮፕ፣ በእጅ እየዞረ ደም የሚለይ ሴንትሪፉጅና በላምባ የምትሠራ የክትባት ማቀዝቀዣ ነው። ትል ፈልጎ በማግኘት የሚቀድመኝ ያለ አይመስለኝም ነበር። ሆርሞን የሚባለውን ነገር ግን ከትምህርት ቤት ደብተሬ ውጪ አላውቀውም።

አንድ ሰኞ ጠዋት ዶክተሩ አስጠራኝ። ዶክተሩ ቡልጋሪያ ተምሮ የመጣ፣ በቅርቡ ያገባ ወጣት ነው፤ ዕድሜያችን ብዙ ስለማይራራቅ አንተ አንቺ እንባባላለን። ክፍሉ ስገባ አንድ ረጅም፣ እጆቹ ከጉልበቱ የሚደርሱ የሚመስሉ ዲያቆን ከእናቱ ጎን ተቀምጧል። ፊቱ እንደ ሕፃን ፊት ለስላሳ ነው። ተነሥቶ «እንደምን አደርሽ» ሲለኝ ደነገጥኩ። ፊቱን አላውቀውም፤ ድምፁን ግን አውቀዋለሁ። ሞጣ ቤተ ክርስቲያን ሲያዜም ከሩቅ መንደር ሰው እየመጣ የሚሰማው፣ እናቴ «እንደሱ ያለ ድምፅ ከሰማይ ነው የሚወርድ» የምትለው ድምፅ ነበር። ቀጭን፣ ጥርት ያለ፣ የሴት ልጅ የሚመስል።

ጉዳዩን የተናገሩት እናቱ ናቸው።

«ሃያ አራት ዓመቱ ነው፣ ልጄ። አንዲት ፂም አልወጣለትም። ቅስና ሊቀበል ነው፤ ለቅስና ደግሞ ማግባት አለበት። ልጅቱም ታጭታለች። አባቷ ግን አዩትና ‹ይህ ገና ልጅ ነው› ብለው ሠርጉን ለከርሞ ገፉብን። አምናም ለከርሞ ብለው ነበር።»

ዲያቆኑ መሬት መሬት ያያል። ዶክተሩ እናትና ልጅን ውጪ እንዲጠብቁ አድርጎ ወደ እኔ ዞረ።

«አንድሮጂን የሚባሉ የወንድ ሆርሞኖች አሉ። ፂም የሚያበቅሉት፣ ድምፅ የሚያጎረንኑት እነሱ ናቸው። የዚህ ልጅ መጠን ስንት እንደሆነ ሳላውቅ በግምት መርፌ አልወጋም። የት ነው የሚለካው?»

«አንተ ታውቃለህ ብዬ!»

«እኔ ደግሞ አንቺ ታውቂያለሽ ብዬ ነው ያስጠራሁሽ።»

ተሳሳቅን። አዲስ አበባ አንድ የምርምር ላቦራቶሪ ውስጥ የሚሠሩ የቀድሞ መምህሬ ትዝ አሉኝና በዚያው ዕለት ደብዳቤ ጻፍኩ። መልሱ ከሦስት ሳምንት በኋላ መጣ። ከታማሚው ደም ተቀድቶ ሴረሙ፣ ማለትም ከላይ የሚቀረው ጥርት ያለ ፈሳሹ፣ ተለይቶ በበረዶ ይላክ፤ ከሱ ጋር ደግሞ የሃያ አራት ሰዓት ሽንት፣ ማለትም ከአንዱ ማለዳ እስከ ሌላው ማለዳ የሸናው በሙሉ፣ አንዲት ጠብታ ሳትቀር ተጠራቅሞ ይምጣ ይላል። ሆርሞኑ ሥራውን ጨርሶ ሲሰባበር ርዝራዡ የሚወጣው በሽንት ስለሆነ ነው።

ከዚያ አንድ ጥያቄ አስከትለው ነበር። እነሱ ዘንድ ያለው የጤናማ ወንድ መጠን ከውጭ አገር መጽሐፍ የተቀዳ በመሆኑ የእኛ አገር ገበሬና ሠራተኛ ስንት እንደሚሆን አያውቁም። ስለዚህ ለማመሳከሪያ የሚሆን የጥቂት ጤነኛ ጎልማሶች ሽንት አብሬ እንድልክላቸው ይለምኑኛል።

ጤነኛ ጎልማሳ ፍለጋ ሩቅ አልሄድኩም። ዶክተሩን፣ ሹፌራችንንና ዘበኛችንን ያዝኩ። ዘበኛችን የቀድሞ ወታደር ናቸው፤ ሪዛቸው ከፊታቸው ቀድሞ በር የሚያልፍ ሰው። ጉዳዩን ሳስረዳቸው ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ማለት ለአገር ናሙና እኔ ተመረጥኩ?»

«ከሌሎች ጋር፣ አዎ።»

«ከሌሎቹ ጋር ያለውን ተይው» አሉና ጄሪካናቸውን ተቀብለው ሄዱ።

በማግስቱ ወሬው ከተማውን አዳረሰው። ዘበኛችን ያገኙትን ሁሉ «ጤነኛ ወንድ ተብዬ አዲስ አበባ ልላክ ነው» ይሉ ነበር። በሁለተኛው ቀን ገበያ ላይ የሚወራው፣ ጤና ጣቢያው ወንድነት በሊትር እየለካ ነው የሚል ሆኗል። በሦስተኛው ቀን የቀበሌያችን ሊቀመንበር ላቦራቶሪዬ በር ላይ ቆሙ።

«ጓዲት፣ ይህ ዘመቻ በማን ፈቃድ ነው የሚካሄደው?»

«ዘመቻ አይደለም፣ ጓድ ሊቀመንበር። ምርመራ ነው።»

«ታዲያ ቀበሌው ለምን አልተወከለም?»

አንድ ጄሪካን ሰጥቼ አሠራሩን ነገርኳቸው። በማግስቱ ጠዋት አንድ የአብዮት ጥበቃ ጄሪካኑን ተሸክሞ ከኋላቸው እየተከተለ መጡ። አምስት ሊትሩ ጄሪካን እስከ አፉ ሞልቷል።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ይህ የአንድ ሰው ነው?»

«ሥራውን ከኮሚቴው አባላት ጋር ተከፋፍለን ነው ያጠናቀቅነው» አሉ በኩራት። «ከኮታ በላይ ነው።»

በአክብሮት ተቀበልኳቸው። ከግቢው እስኪወጡ ጠብቄ ደፋሁትና በራቸውን ዘግተው ሲስቁ ከነበሩት ከዶክተሩና ከሹፌሩ ጋር ስስቅ ዋልኩ።

የዲያቆኑ ግን አስቸገረኝ። መጀመሪያ ጊዜ ይዞት የመጣው ግማሽ ሊትር እንኳ አይሞላም።

«የአንድ ቀን ሙሉ ይኸው ነው?» አልኩት።

«ቤተ ክርስቲያን የነበርኩበትን አልጨመርኩም።»

«ስንት ሰዓት ነበርክ?»

«ማኅሌት ነበረ፤ ከዚያ ቅዳሴ። ጄሪካን ይዤ ቅጥር አልገባ!» አለኝ።

እውነቱን ነው። ስለዚህ ራሴ ልቆጣጠረው ወሰንኩና የሦስት ቀን ፈቃድ ጠይቄ ሞጣ ሄድኩ። ዲያቆኑ የደብሩን መሪጌታ አስፈቅዶ አንድ ቀን ሙሉ ከአገልግሎት ቀረልኝ፤ ያን ቀን እናቱ ቤት ዋለ። ጄሪካኑን እናቱ ከበር ኋላ አስቀምጠው ነጠላ አልብሰውታል። ጠዋት፣ ቀትርና ማታ እየሄድኩ በሩ ላይ ስቆም ከውስጥ «ገብቷል!» ብለው ይጮኹልኛል። ጎረቤቶች ምን እንደሚገባ ግራ ገብቷቸው ይተያያሉ። በማግስቱ ማለዳ የመጨረሻዋ ተጨመረችና ክዳኑን ራሴ ጠበቅ አድርጌ፣ ጄሪካኑን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለን፣ ደሙንም ቢቸና ልቀዳለት አብረን አውቶቡስ ተሳፈርን።

ዲያቆኑ ነጭ ለብሶ፣ መስቀሉን አንገቱ ላይ አድርጎ፣ ጄሪካኑን እንደ ሕፃን ጭኑ ላይ አቅፎ ተቀመጠ። እኔ ከጎኑ ነኝ። ከፊታችን የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ዘወር ብለው አዩት፣ ደግመው አዩት።

«ዲያቆን፣ ከየትኛው ጠበል ነው?»

«ጠበል አይደለም፣ እናቴ።»

አሮጊቷ ወደ ጎረቤታቸው ዞረው «ትሕትናውን አየሽልኝ?» አሉ። ከዚያ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ጉልበታቸውን አወጡ። «እዚችን ብቻ ቀባ ቀባ ያድርጉኝ። አራት ዓመት ሆነኝ ከታመመች።»

«አይሆንም፣ እናቴ።»

«ለድሀ አይሰጥም ማለት ነው?»

አውቶቡሱ ሁሉ ከአሮጊቷ ወገን ሆነ። ከኋላ አንዱ «ምን ይጎድልብሃል፣ ዲያቆን?» አለ። ሌላዋ «እኔም ወገቤን ነበረ» አለች። ዲያቆኑ ወደ እኔ አየ። እኔ ደግሞ አፍሬ በመስኮት ወደ ጤፉ ማሳ አየሁ። በሕይወቴ እንደዚያ በትኩረት ማሳ ያየሁበት ቀን የለም። ዲያቆኑ መዋሸት የማይችል ሰው ነው፤ እውነቱን በአማርኛ መናገር ደግሞ አፈረ። በመጨረሻ አንገቱን ደፍቶ በግዕዝ «ማየ ሥጋየ ውእቱ» አለ።

«ማየ ሥጋየ!» አሉ አሮጊቷ እጃቸውን ዘርግተው። «ስሙም እንዴት ያምራል!»

ከሹፌሩ ኋላ የተቀመጡ አንድ ቄስ ግን ሳቃቸው አመለጣቸው። ሳቁ፣ ሳቁና ዕንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። ከዚያ በላይ ዝም ማለት ነውር ሆነብኝ።

«እማማ» አልኩ፣ «የሰውነቴ ውሃ ነው እኮ ያሉዎት። ሽንታቸው ነው። ለምርመራ ቢቸና እየወሰድነው ነው።»

አውቶቡሱ በሳቅ ተናጋ። ከሁሉ አብልጠው የሳቁት አሮጊቷ ናቸው። ጉልበታቸውን በፍጥነት ሸፈኑና «ዘንድሮስ ከጉድ ወጣሁ!» እያሉ ዲያቆኑን ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። እሱም አብሯቸው ሳቀ። በዚያ ሁሉ ቀን ሲስቅ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ደብረ ወርቅን አልፈን መንገዱ ጉድጓድ በጉድጓድ ሲሆን ክዳኑ ላላ። ከሙቀቱ ጋር ሽታው ተነሣ። ሴቶቹ አፍንጫቸውን በነጠላ ሸፈኑ፣ ሹፌሩ «ኧረ መስኮት ክፈቱ!» እያለ ጮኸ። እኔ ራሴ፣ ሽንት መመርመር እንጀራዬ የሆነው ሰው፣ ትንፋሼን ያዝኩ። ዲያቆኑ ግን አገጩን ክዳኑ ላይ አስደግፎ በእርጋታ ተቀምጧል።

«ምን ሆነው ነው?» አለኝ።

«አይሸትህም?»

«ምኑ?»

ክዳኑን አጠበቅኩና በደንብ አየሁት። እየቀለደ አልነበረም።

«ሌላስ ነገር? ወጥ ሲያር? ሳሙና?» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ።

«ዕጣኑስ? ቄሱ በየቀኑ አጠገብህ ሲያጥኑ!»

ድምፁን ዝቅ አድርጎ መለሰልኝ። «የዕጣን መዓዛ ሲሉ ሰምና ወርቅ ያለው ቃል ይመስለኝ ነበር። ሰሙ ጭሱ፣ ወርቁ ጸሎቱ። ሰው ሁሉ ቅኔ ሲናገር ነው ያደግኩት፤ ይህንንም እንደዚያ ነበር የምረዳው።» ከዚያ ዘወር ብሎ «እውነት ነው እንዴ? በአፍንጫ የሚታወቅ ነገር አለ?» አለኝ።

«አለ» አልኩት።

ቢቸና እንደደረስን ወደ ዶክተሩ ሮጥኩ። ምሳውን እየበላ ነበር። ስነግረው ጉርሻውን ትሪው ላይ መልሶ ተነሣና ከአልጋው ሥር የመጻሕፍት ሳጥኑን ጎተተ። ከአንድ ወፍራም መጽሐፍ ገጽ ሲያገኝ በመዳፉ መታው። ሽታ አለማወቅና የወንድነት አለመብሰል አንዳንዴ አብረው የሚመጡበት ችግር አለ፤ ከአንጎል ሥር ያለችው ዕጢ ሆርሞኑን ለሚያመነጩት ለታችኞቹ ዕጢዎች ትዕዛዝ ሳትልክ ትቀራለች። ለምን አብረው እንደሚመጡ መጽሐፉም በቅጡ አያውቅም።

ዲያቆኑን ዓይኑን ጨፍኖ አስቀመጥነው። ኮረሪማ አፍንጫው ሥር አደረግንለት፤ ዝም። ሳሙና፤ ዝም። በመጨረሻ ከማቀዝቀዣዋ ላምባ በብርጭቆ አቀረብኩለት።

«ውሃ ነው?» አለ።

ዶክተሩ በደስታ እጁን ጨብጦ ናጠው። ልጁ ምን ጥሩ ነገር እንደሠራ አልገባውም።

ደሙን ቀዳሁ፣ ሴረሙን ለየሁ፣ ሽንቱን ለክቼ መዘገብኩ፣ መንገድ ላይ ጥቂት ጠብታ እንደፈሰሰም በሐቀኝነት ጻፍኩ። ክትባት ሊያመጣ የሚሄደው መኪናችን የሁሉንም በበረዶ ሳጥን ይዞ ሄደ።

ውጤቱ የመጣው ከሁለት ወር በኋላ ነው። የዲያቆኑ ደም ውስጥ ያለው የወንድ ሆርሞን መጠን የሕፃን ልጅ ያህል ነበር። በሽንቱም ከጤነኞቹ ሁሉ በታች ነው፤ ጨርሶ ያልጠፋው ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎችም ትንሽ ትንሽ ስለሚያመነጩ ነው ሲል ዶክተሩ አስረዳኝ። ዘበኛችን ደጅ ቆመው ይጠብቁ ነበር።

«ማን በለጠ?» አሉኝ ስወጣ።

«ሁላችሁም ጤነኞች ናችሁ።»

«እሱንማ አውቃለሁ። ከዶክተሩና ከእኔ ማን በለጠ?»

አልነገርኳቸውም። እስከ ዛሬም ለማንም አልነገርኩም።

ዲያቆኑ ከእናቱ ጋር ሲመጣ ዶክተሩ ምንም አልደበቀም። በየሦስት ሳምንቱ የሚወጋ መርፌ አለ። ፂም ይወጣል፣ ጡንቻ ይጠነክራል። ልጅ መውለድ ግን በዚህ መርፌ ብቻ አይሆንም፤ ሌላ መድኃኒት ይፈልጋል፣ እሱም ለጊዜው አገራችን የለም። የማሽተት ችሎታም በመርፌ አይመጣም።

«ድምፄስ?» አለ ዲያቆኑ።

«ይጎረንናል። እንደ በፊቱ አይሆንም።»

እናቱ አለቀሱ። ለየትኛው እንዳለቀሱ እንጃ። እሱ «ጊዜ ስጡኝ» ብሎ ሄደ።

በኋላ እንደነገረኝ፣ ቀጥታ የሄደው ወደ እጮኛው ቤት ነው። አባቷን አስፈቅዶ፣ ደጅ ላይ ቆሞ፣ ልጅ መውለድ እንደሚያስቸግረውም ድምፁ እንደሚለወጥም ሳይደብቅ ነገራት። እሷም እንዲህ አለችው፤

«ስለ ልጁ አብረን እናያለን። ድምፅህን ግን የሞጣ ሰው ሁሉ ይሰማዋል፤ ለእኔ ለብቻዬ የሚደርሰኝ ምኑ ነው? ተወጋ።»

መወጋቱን የጀመረው ከደብሩ ዓመታዊ በዓል በኋላ ነው፤ አንድ ጊዜ በዚያ ድምፅ አዚሞ ሊሰናበት ፈለገ። ወሬውን የሰሙ ሰፈራችን ውስጥ ጨርቅ የሚሸጡ ሙስሊም ጎረቤታችን ቴፕ ሪከርደራቸውን ከአዲስ ባትሪ ጋር ለእናቴ አዋሷት። «እንዲህ ያለ ድምፅ ሳይቀዳ ከጠፋ ሞጣ ያፍራል» ብለው። በሴቶች በር በኩል ቴፑን ከፍ አድርጌ ይዤ ክንዴ እስኪደነዝዝ ቆምኩ። መሪጌታው ዕንባቸውን ሲጠርጉ አየሁ። ዲያቆኑ ግን እንደ ሠርገኛ ፈገግ እንዳለ ጨረሰ።

ከዚያ በኋላ ያለው ወራት አስቂኝ ነበር። ድምፁ ከላይ ጀምሮ መሃል ላይ ወደ ታች ይወድቅ ጀመር፤ አንድ እሑድ ሕዝቡ ሳቁን መያዝ ሲያቅተው መሪጌታው «ልጄ፣ እስኪለይልህ ዝም በል» ብለው አሳረፉት። ለመርፌ ቢቸና በመጣ ቁጥር ዘበኛችን በሩ ላይ አስቁመው አገጩን ወደ ፀሐይ ያዞሩታል። «ዛሬ ሦስት ናቸው» ይሉኛል። በሚቀጥለው «ሰባት»። ከዚያ መቁጠሩ አቃታቸው።

አንድ ዓመት ገደማ ሲሆነው እንደገና ደምና ሽንት ላክን። በዚህኛው ጊዜ ጄሪካኑን ያለ ማንም ቁጥጥር አሟልቶ አመጣ። ውጤቱ ሲመጣ ዶክተሩ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋና በጣቱ አሳየኝ። የመምህሬ ላቦራቶሪ አሁን የሚያመሳክረው በውጭ አገር መጽሐፍ ብቻ አልነበረም። የዲያቆኑ ቁጥር ከዘበኛችን፣ ከሹፌራችንና ከራሱ ከዶክተሩ ቁጥሮች መካከል ገብቶ ተቀምጧል። ያን ቀን ምሳ ጋበዘኝ።

ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ተደገሰ። የልጅቱ አባት ራሳቸው ሙሽራውን አቅፈው ሳሙትና «ፂምህ ወጋኝ!» ብለው ዳሱን አሳቁት።

ከቢቸና ወደ ሌላ ቦታ ከመዛወሬ ጥቂት ቀደም ብሎ ባልና ሚስቱ ሊጠይቁኝ መጡ። እሱ ቅስና ተቀብሎ ጠምጥሟል። እሷ ከዘመድ ወስደው የሚያሳድጓትን ሕፃን አዝላለች። ከበር ውጪ «ቤቶች!» የሚል ወፍራም ድምፅ ስሰማ የማን እንደሆነ አላወቅኩትም ነበር። ዶክተሩም መጥቶ አብረን ተቀመጥን። ጤናውን፣ መርፌውን፣ መንገዱን ጠይቆ ሲጨርስ ሚስቲቱን «አንቺስ የምትጠይቂው አለ?» አላት።

ባሏን በጎን አየችው፤ እሱ አቀረቀረ።

«አንድ ነገር ብቻ» አለች። «ሲተኛ ያንኮራፋል። ይኼን የሚቀንስ መርፌ የላችሁም?»

ዶክተሩ ከልቡ አሰበበት። «ይህን» አላት፣ «የእኔም ሚስት ትጠይቀኛለች።» እየሳቅን መኪናቸው ሳያመልጣቸው እስከ መናኸሪያው ሸኘናቸው።